ፋሲካን የፈራንበት ዓመት

ፋሲካ አልወድም። ይህን ስናገር ልጆቼ ያፍሩብኛል፤ ቄስ ፊት እንዳልደግመውም ይለምኑኛል። ዶሮው ተሠርቶ፣ ወለሉ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ሁሉም ነጭ ለብሶ «እንኳን አደረሰሽ» ሲለኝ «እንኳን አብሮ አደረሰን» እላለሁ፤ እበላለሁም። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሃምሳ ቀናት ግን ይከብዱኛል። ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው እነዚያ ቀናት ለሌላው ሰው የደስታ ናቸው። እናቴ ግን እንደ እነሱ አድርጋ የፈራችው ቀን አልነበረም።

ዛሬ ልጄ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን ታስቀምጥና የተወደደውን ስትዘረዝርልኝ ታመሻለች። ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ ጤፉ። ይህ ይቅር፣ ያኛው ይቀነስ ትላለች። እሰማታለሁ እንጂ አላጽናናትም፤ ማጽናናት አልችልበትም። ደግሞም ደክሞኛል። መቀነስ የሚባለውን ነገር እስከ መጨረሻው ድረስ ሲሄድ አይቼዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ የሚቀነሰው ምግብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም፤ ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ጣሊያን አገሩን ከያዘ ሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል። እኔ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ የተወለድኩበትን ቀን የጻፈው ሰው የለም። ቤታችን መንዝ፣ ከዘመሮ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ነፋስ ከማይጠፋበት ጉብታ ላይ ነበር። አባቴ ዱር ቤቴ ብሎ ከወጣ ሁለት ክረምት አልፎታል። ቤት የቀረነው አራት ነበርን፤ እናቴ፣ እኔ፣ አራት ዓመት ያልሞላት ታናሽ እህቴና የአባቴ አባት። አያቴን «አባባ» እንላቸው ነበር። እናቴም እንደኛው «አባባ» ትላቸዋለች፤ ቀና ብላ ዓይናቸውን ስታይ ግን አይቻት አላውቅም። የባሏ አባት ናቸውና ታከብራቸው ነበር፤ ትንሽም ትፈራቸው ነበር።

አባባ ረጅም፣ ቁጡ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ድቁና ጀምረው ትተውት ስለ ነበር የጾሙንና የበዓሉን ሕግ ከቄስ እኩል ያውቁታል። ጎረቤቱ ቀን የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ጾም የገደፈ ሰው በደጃችን ማለፍ ያፍር ነበር። አንድ ጊዜ፣ ገና ደኅና ቀን ሳለ፣ ረቡዕ ጧት ከቅቤ ቅሉ ጣቴን ስልስ ያዙኝ። አልመቱኝም። ግድግዳው ፊት አቁመው አርባ ስግደት አሰገዱኝ፤ እሳቸው አጠገቤ ቆመው ቆጠሩ። ሦስት ቀን ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኝ ከረመ።

በዚያ ዓመት የማይወደድ ነገር አልነበረም። ድሮ መርሐቤቴዎች በርበሬና ጥጥ በአህያ ጭነው ሽቅብ ይወጡ ነበር፤ የኛ ሰው ደግሞ ገብስና ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ይዞ ወደ ዓለም ከተማ ቁልቁል ይወርዳል። በየመንገዱ ኬላ ቆመና ወጪውም ወራጁም ቀረ። በርበሬ በጣት ተቆንጥሮ መሸጥ ጀመረ። ከብት ይልሰው የነበረው አሞሌ ጨው ሣጥን ውስጥ የሚቆለፍ ዕቃ ሆነ። ጣሊያኖቹ በሊሬ ሽጡ፣ በሊሬ ግዙ ይላሉ፤ ነጋዴው ደግሞ ጠገራ ብር ካላየ ከረጢቱን አይፈታም። የተገኘው በግና እንቁላልም ምሽግ ውስጥ ለተቀመጠው ጦር ተጠራርጎ ይገባል። እናቴ ከጋብቻዋ ጀምሮ ያኖረቻቸው ጥቂት ጠገራ ብሮች በመጀመሪያው ዓመት አለቁ። ከዚያ በጎቹ አንድ በአንድ ገበያ ወረዱ፤ ሦስት ብቻ ቀሩን።

መቀነስ የጀመረችው ከጨው ነው። ስባሪ አሞሌ በጨርቅ ቋጥራ፣ ሽሮው ሲፈላ በክር ታጠልቀውና ሦስት ጊዜ አዙራ ታወጣዋለች። ቋጠሮው ጭስ ላይ ተሰቅሎ ይደርቅና ለነገ ይቆያል። ከዚያ ጠላ ቀረ፤ ቅራሪውም ቀረ። ከዚያ እንጀራው ሳሳ፤ ገብሱ ውስጥ ሲናር ትቀላቅል ጀመር፤ ሲናር ድሮ አርመን የምንጥለው ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ሳማ ለቅመን፣ እጃችን ነድዶ፣ ከእፍኝ ዱቄት ጋር ቀቅላ ታበላናለች። ባቄላውን አሹቅ ታደርገዋለች፤ በውኃ የተነፋ እህል ሆድን ለጊዜው ያታልላል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምጠላው ግን ማዕዱን የምታነሣበትን ፍጥነት ነበር። የመጨረሻውን ጉርሻ ሳንውጥ መሶቡ ተከድኖ ጓዳ ይገባል። ስግብግብ ሳልሆን እንደ ስግብግብ መዋጥ ለመድኩ፤ እስከ ዛሬም ከሰው ቀድሜ ነው የምጨርሰው።

ይህ ሁሉ አልበቃ ሲል ጾምን አገኘች። በመስከረም መጨረሻ የጽጌ ጾም ገባ። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ መነኮሳትና አንዳንድ ሽማግሌዎች ይጾሙታል እንጂ ሕፃን ያለበት ቤት አይነካውም። እናቴ ግን አንድ ቀን ጧት ወተቱን ከፊታችን አነሣችና፣ «ዘንድሮ ጽጌን እንጾማለን፤ አባታችሁ በሰላም እንዲገባ» አለች። ወተቱ ተናጠ፤ ቅቤው ገበያ ሄደ፤ በቅቤው ገብስ ተሸመተ። ጽጌ ሲወጣ የነቢያት ጾም ገባ። ገና አለፈና ነነዌ መጣ፤ ወዲያው ዐቢይ ጾም ተከተለ። በመሐል ያሉትን ቀናትም አልማረቻቸውም፤ ለዚህ ስለት፣ ለዚያ ስለት እያለች ሞላቻቸው።

«እማዬ፣ ርቦኛል» ስንል «ጾም ነው» ትለናለች። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። የራበው ልጅ ያለቅሳል፤ የሚጾም ልጅ ግን ይኮራል። እኛም ኮርተን ነበር። ታናሽ እህቴ ሳትቀር ባዶ ሆዷን እየመታች «ጾመኛ ነኝ» ትል ነበር። ጎረቤቶች «ምነው፣ ቤታችሁ ገዳም ሆነ» ሲሏት እናቴ ፈገግ ትላለች። ገመናችንን በዚያ ፈገግታ ሸፍና በጋውን ሙሉ ይዛን ከረመች። አባባም በጽጌ ሕፃን ለምን ይጾማል ብለው አልተቆጧትም። ያኔ ይህ ሊገርመኝ ይገባ ነበር።

የዚያን ዓመት ገብስ በረዶ መታው። ታኅሣሥ ላይ ተወቅቶ ሲያልቅ እናቴ ሁለት ቦታ ከፈለችው፤ ለቀለብና ለዘር። የዘሩን ከጓዳው ጥግ ወዳለው ትንሹ ጎታ ገለበጠችው። አፉን ከደነችና ዙሪያውን በእበት መረገችው፤ እበቱ እርጥብ እያለ መዳፏን ከነአምስት ጣቷ አተመችበት።

«ይህን የነካ እጄን ነካ» አለችን። «ሰኔ ላይ ይህ ካልተዘራ ከዚህ ቤት እንነሣለን እንጂ አንኖርም።»

የምትለውን አውቀነዋል። አምና ዘራቸውን የበሉ ሁለት ቤቶች ነበሩ። አንደኞቹ መሬታቸውን ጥለው ወደ ቆላ ወረዱ፤ የት እንደ ደረሱ አልተሰማም። ሁለተኞቹ ምሽጉ ደጃፍ ተቀምጠው የወታደር ፍርፋሪ ይለቅማሉ ተብሎ ሰምተናል፤ የዚያች ቤት ልጅ አብራኝ ውኃ ትቀዳ ነበር። ስለዚህ ጓዳ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ ጎታው ላይ ያርፋል። ጨለማው ውስጥ የእናቴ እጅ «ቁሚ» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።

የቀለቡ እህል በሰሙነ ሕማማት አለቀ ማለት ይቻላል። ሰዉ ፋሲካን ቀን እየቆጠረ ሲጠብቅ እናቴ ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። ያኔ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ይገባኛል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ጾም የለም። ረቡዕ የለም፣ ዓርብ የለም፣ ስለት የለም። በእነዚያ ቀናት መጾም ኃጢአት ነው። ላሟ ነጥፋለች፤ ዶሮዎቹ አልቀው ለበዓሉ የታረደችው የመጨረሻዋ ነበረች። ጎታው እስከ ሰኔ አይከፈትም። እናቴ ረሃባችንን የምታለብሰው ልብስ አልቆባት ነበር።

የፋሲካን ዶሮ በላን። በሦስተኛው ቀን እህቴ «ርቦኛል» አለች። «ጾም ነው» የሚባልበት ቀን አልነበረም። እናቴ ተነሥታ ወጣች፤ ከቤት ጀርባ ኩበት ስትሰብር ሰማኋት፤ ኩበቱ ግን አስቀድሞ የተሰበረ ነበር።

አባባ በዚያን ቀን ማታ ማዕድ ሲቀርብ አልተጠጉም። «እኔ ሱባዔ ላይ ነኝ፤ ስለት አለብኝ» አሉ። ከኪሳቸው እፍኝ የማትሞላ የገብስ ቆሎ አወጡና አንድ በአንድ ቆረጠሙ፤ ውኃ ጠጡ፤ ተኙ። በማግሥቱም እንዲሁ፤ በሳምንቱም እንዲሁ። ቀን ቀን እማሳው ዳር ሄደው ድንጋይ ይለቅማሉ፤ እኛ ከበላን በኋላ ይመጣሉ። የእሳቸው ድርሻ በእኔና በእህቴ ፊት ይታጠፋል። እናቴ አንገቷን አቀርቅራ ታቀርብልናለች። ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ አንዱ ማወቁን ሌላው ያውቅ ነበር። ከተናገሩት ግን እናቴ ልትቀበል አትችልም፤ ካልተቀበለች ደግሞ ጎታው ይከፈታል።

እኔ ግን አላወቅሁም። እኔ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ አያቴ ከሕግ በላይ መሆናቸውን። ሁሉም ሰው በሚበላበት ጊዜ የሚጾሙ፣ ቄሶቹ እንኳ የማይደፍሩትን የደፈሩ። አንጀቴ እየጮኸም ቢሆን በዚህ ደረቴን እነፋ ነበር። በልጅነት ከምናፍርባቸው ነገሮች ይልቅ የምንኮራባቸው ነገሮች ይበልጥ ጉድ ያፈላሉ።

ከፋሲካ በኋላ በአራተኛው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የንስሐ አባታችን መስቀል አሳለሙኝና፣ «አያትሽ ምነው ጠፉ? ታመው ነው?» አሉኝ። እኚህ ቄስ ቀጭን፣ ጥርሳቸው የወላለቀ፣ ግን ለሥርዓት ግትር የሆኑ ሰው ነበሩ።

«አልታመሙም መምሬ» አልኩ። «ሱባዔ ገብተዋል። አባባ እንደ ሌላው ሰው አይደሉም፤ በሃምሳውም ይጾማሉ።»

ያወድሱልኛል ብዬ ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ምላሴን በቆረጠው ያልኩት ግን ያኔ አይደለም፤ ማክሰኞ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቄሱ ዘንጋቸውን እየተመረኮዙ መጡ። «ቤቶች!» አሉና ሳይቀመጡ ወደ አባባ ዞሩ። አባባ ከመደቡ ላይ በግድ ተነሡ፤ ሲነሡ ግድግዳውን ይዘው ነበር።

«በሃምሳው ውስጥ ይጾማሉ የሚባለው እውነት ነው?»

አባባ ወደኔ አልተመለከቱም። «እውነት ነው አባቴ» አሉ።

«እርስዎ! ሰዉን ሁሉ ሕግ የሚያስተምሩት! በእነዚህ ቀናት መጾም እኮ ጌታ አልተነሣም እንደ ማለት ነው። ይህን ለእርስዎ እኔ ልንገርዎ?»

ሲቆጡ ለማየት ጠበቅሁ። አባባ ማንም ሰው እንዲህ ሲናገራቸው ዝም ብለው አያውቁም። «አጥፍቻለሁ» አሉና አንገታቸውን ደፉ። «ቀኖናዬን ይስጡኝ።»

«ቀኖናው መብላት ነው። አሁን፣ እዚሁ፣ እኔ እያየሁ።» ወደ እናቴ ዞሩ። «ልጄ፣ እስቲ ያለውን አቅርቢ።»

ያለው ምንም አልነበረም። ጧት የበላነው አሹቅ የመጨረሻው ነው። እናቴ ቅዳሜ ገበያ ወርዳ አንዷን በግ ሸጣ እህል እስክትገዛ ድረስ ሳማ ነበር የታሰበልን። እንኳን የንስሐ አባት፣ መንገደኛ ቤቷ ገብቶ ባዶ አፉን አይሄድም፤ እንዲህ ነው ያደገችው። «የለም» የሚለውን ቃል ከአፏ ማውጣት አልቻለችም። «እሺ አባቴ» አለችና ጓዳ ገባች፤ ተከተልኳት።

ማጭዱን ከግድግዳው አወረደች። ጎታው ፊት ተንበረከከች፤ የማጭዱን ጫፍ በታተመው መዳፍ አውራ ጣት ሥር አስገባችና ፋቀችው። የደረቀው እበት ተሰንጥቆ ቁራሹ መሬት ወደቀ። ሁለተኛ ፋቀች። ትንሿ ጣት ላይ ስትደርስ አባባ ድምፁን ሰሙት።

«ተይ!» አሉ። ጩኸታቸው እህቴን አስለቀሳት። «ተይ አልኩሽ! የዘር ነው!»

ከዚያ ድምፃቸው ወረደ፤ ለቄሱ የሚናገሩት በእኛ ፊት መሆኑን የረሱ ይመስሉ ነበር። «አባቴ፣ ሱባዔም የለም፣ ስለትም የለም። ይህ ቤት የሚበላው የለውም። እኔ የበቃኝ ሽማግሌ ነኝ፤ የኔን ድርሻ ልጆቹ ይብሉት ብዬ ነው። ለዚህ የፈለጉትን ስግደት ይዘዙኝ፤ ይህችን ልጅ ግን ዘሯን አያስፈጇት።»

እናቴ ማጭዱን እንደያዘች እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበች። ስታለቅስ ድምፅ አልነበራትም። ዓመት ሙሉ ከጎረቤት፣ ከካህን፣ ከእኛም ሸፍና ያቆየችው ነገር ወለል ላይ ተዘርግቶ ነበር። ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ሃያ ስምንት ቀን ያህል የአያቴን እንጀራ ስበላ እንደ ቆየሁ የገባኝም ያኔ ነው። ወጥቼ ከበረቱ ጀርባ ጧት የበላሁትን አሹቅ አስመለስኩት። እሱንም ሳስመልስ «እህል አባከንኩ» ብዬ ፈራሁ።

ስመለስ ቄሱ ተቀምጠዋል። ከአኮፋዳቸው አንድ ቁራሽ ዳቦ አውጥተው ለእህቴ ሰጥተዋታል፤ እሷ ግማሹን ጨርሳለች። «ቀኖናዎ ይህ ነው» ይሏቸዋል ለአባባ፣ ድምፃቸው ለስልሶ። «በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ይመጣሉ፤ ከሰንበቴው ይቀምሳሉ። እስከ ጰራቅሊጦስ። ይህ ከእግዚአብሔር ነው፤ እንቢ ማለት አይችሉም።»

«እሺ» አሉ አባባ።

እሑድ እሑድ ሄዱ። የሰንበቴውም ዳቦ በዚያ ዓመት ቀጥኖ ነበር፤ የሚያመጣውም ሰው ጥቂት ነው። ቢሆንም ይደርሳቸዋል። ሲመለሱ ከጋቢያቸው እጥፋት ዳቦውን ያወጡና ለእህቴና ለኔ ያካፍሉናል፤ የተነከሰበት ቦታ አልነበረውም። ቀኖናቸውንም በላንላቸው ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ እንቢ ብዬ ነበር። ማዕድ ላይም እጄን መሰብሰብ ጀመርኩ። አባባ አዩኝና፣ «አንቺም ሱባዔ ገባሽ?» አሉኝ። «ለአንድ ጎጆ ሁለት መናኝ ይበዛበታል። ብዪ፤ ካልበላሽ የኔ ልፋት መና ቀረ።» ይህን ሲሉ እየሳቁ ነበር፤ የጉንጫቸው አጥንት አፍጥጦ ነበር። በላሁ።

እናቴ አልመታችኝም። መትታኝ ብትገላግለኝ እወድ ነበር። በዚያው ዕለት ማታ ጎታውን በአዲስ እበት ጠግና፣ መዳፏን ደግማ አተመችበትና፣ እኔን ሳታይ፣ «ሁለተኛ የቤታችንን ማዕድ ደጅ እንዳታወጪ» አለችኝ።

ጰራቅሊጦስ አለፈ፤ የሰኔ ጾም ገባ። አባባ ፊታቸው ፈካ። አሁን ቢጾሙ የሚከሳቸው የለም። ዝናቡ ሲጥል ጎረቤታችን በሬዎቹን ይዞ መጣ፤ ወንዱ ዱር የገባበትን ቤት መሬት በየተራ ያርሱ ነበር። እናቴ ጎታውን ልትከፍት ስትንበረከክ አጠገቧ ነበርኩ። መጀመሪያ እጇን በራሷ መዳፍ ቅርጽ ላይ አኖረች። እበት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቅርጹ ጠብቦ ነበር። እጇ ግን ልክክ ብሎ ገባ። ትንሽ አየችውና ሰበረችው።

ዘሩን የበተኑት አባባ ናቸው። ቁናውን በክንዳቸው ይዘው፣ አምስት እርምጃ ሄደው እያረፉ፣ ማሳውን ከዳር ዳር ዘሩት። ጎረቤታችን «አሳስተው ይዝሩትና ትንሽ ለልጆቹ ይተርፍ» አላቸው። አባባ እፍኛቸውን ሞልተው ቀጣዩን በተኑ። ሲጨርሱ መዳፋቸው ላይ የተጣበቀውን ፍሬ በሌላው እጃቸው ጠርገው መሬት ላይ አራገፉት።

ሐምሌ ውስጥ ብርድ መታቸው። ሳል ነበር፤ በደኅና ዓመት አንድ ዋንጫ ትኩስ አጥሚት የሚያድነው ዓይነት ሳል። እናቴ ከሁለቱ በጎች አንዷን ሸጠች፤ እህሉ ሲደርስ ግን መዋጥ አቅቷቸዋል። ቄሱን አስጠሩና በእኛ ፊት ተናገሩ።

«ይህች ልጅ ለተዝካሬ ብላ አንዲት ቁና እንዳትሰፍር አባቴ። ይገዝቱልኝ።»

በኛ አገር ተዝካር ሳያወጡ መቅረት ነውር ነው። የሞተው ሰው ነፍስ ላይ እንደ መፍረድ ይቆጠራል። ሰው ተበድሮም፣ በሬውን አርዶም ያወጣል። ቄሱ ይህን ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አባባ እጃቸውን አነሡ። አንዳንድ ሰው በሕይወቱ እያለ ደግሶ፣ ድሃ አብልቶ፣ የቁም ተዝካር ያወጣል። ይህን ማስታወሳቸው ነበር።

«የኔን የቁም ተዝካር እነዚህ ሁለት ልጆች በሃምሳው በልተውታል» አሉ። «ከእነሱ የበለጠ ድሃ የት አገኛለሁ?»

ቄሱ አንገታቸውን በእሺታ ነቀነቁ። አባባ በሞቱ በአርባኛው ቀን ፍትሐት ሲያደርጉ በእናቴ ትንሽ ሰሃን ላይ የነበረው ንፍሮ ለአራት ሰው አይበቃም ነበር። ቄሱ አንዲት ፍሬ አንሥተው ባረኩና ሰሃኑን ወደኛ ገፉት። ጎረቤት ብዙ አወራ። «ያን የመሰለ ሰው እንደ ውሻ ተቀበረ» ያለችም ነበረች። እናቴ ሰምታ ተወችው። እኔ ግን ያችን ሴት እስክትሞት ድረስ ሰላም ብያት አላውቅም፤ አሁንም አልጸጸትበትም።

ጥቅምት ላይ ገብሱ አሸተ። በረዶ አልነካውም። ማሳው ዳር ቆሜ ሳየው መደሰት ነበረብኝ፤ ደክሞኝ ስለ ነበር ዝም ብዬ አየሁት። አንድ ቀን ጧት ገና ፀሐይ ስትወጣ እናቴ አንድ እቅፍ እሸት ቆርጣ መጣች። እሳት ላይ ለበለበችው፤ በመዳፏ አሸችው፤ ገለባውን እፍ አለችና ትኩሱን ፍሬ በእኔና በእህቴ እጅ ላይ አፈሰሰችው።

«ብሉ» አለች።

እህቴ ፍሬውን በመዳፏ እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት። ዓመት ሙሉ የተማረችው ትምህርት ነበራት። «ጾም አይደለም?» አለች።

«አይደለም» አለች እናቴ። «ዛሬ ጾም የለም። ብሉ።»

ዕለቱ ዓርብ ነበር። እኔ አውቅ ነበር፤ እናቴም ማወቄን አየች። በላሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መስቀል ስሳለም ቄሱ «እንዴት ሰነበታችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። «ደኅና ነን መምሬ» አልኩ፤ ሌላ አልጨመርኩም።